ማስተዋልን አትርሱ

የጅሩን መረሬ በክረምት የረገጠ
ጫማውን ለጭቃው ከፍሎ ነው ያመለጠ።
ጥር ሲጠባ ግን ያው ጭቃ በምስር ይክሳል፤
ደብተሩ በምስር፣ ቆርቆሮው በምስር ይገዛል።
«ምስር የሚያንቀው ሰው አለ» ቢሉኝ ያኔ
ከት ብዬ በሳቅሁ፣ የእነዋሪ ልጅ እኔ።

ሦስት ሴቶች ነን፣ ሁለት በርሜል ድስት፣
አንድ ረጅም ጭልፋ፣ አምስት መቶ ሕፃናት።
ሰኞ ሩዝ በድንች፣ ማክሰኞ ቅንጬ፣
ረቡዕ ምስር ወጥ፣ ሽንኩርቱን ቆርጬ።
ልጆቹ በሰልፍ ሳህን ያጋጫሉ፣
«እትዬ ዘነቡ፣ ከወፍራሙ!» ይላሉ።

በጥቅምት ነው፣ ረቡዕ፣ ውርጭ ሣሩን ሲልስ፤
ማስተዋል፣ የሦስተኛ «ሐ»፣ ሁለቴ ጎርሳ ሦስተኛው ሳይደርስ
ከንፈሯ ተነፋ፤
ትንፋሿ ፉጨት ሆነ ሲወጣ ሲመለስ።
አስካለ ጮኸች፦ «ዓይን ነው! ዓይን በላት!»
አንዷ ጤና አዳም ፍለጋ፣ አንዷ ጨርቅ አጤሰችላት።
እኔ ጭልፋዬን እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ፤
የጨለፍሁላት እኔ፣ ማንን እከሳለሁ?

የስፖርቱ መምህር፣ ታጠቅ፣ አቅፎ አነሣት፣
ባጃጅ አስቁሞ ጤና ጣቢያ አደረሳት።
ነርሷ ጭኗን ወግታ፣ ደረቷን አዳምጣ፣
«ምን በላች?» አለችን፣ እስክሪብቶዋን አውጥታ።
«ምስር።»
«ሌላስ?»
«ምስር ብቻ።»
ጻፈችው፤ ከሥሩም ሁለቴ አሰመረች፤
ያቺ የምናውቃት ምስር ሌላ ሆነች።

አባቷ ማታ መጡ፣ አቶ ወንድይፍራው።
«የማን ምስር ነበር?» ሊሉኝ ነው ብዬ ስፈራው
መዝገቡን ከነጠላዬ ሥር ደበቅሁት፤
«አንድ ኩንታል፣ ከወንድይፍራው» ብዬ የጻፍሁበት።
እሳቸው ግን አልጠየቁም። ጆንያውን አዩት፣
አፉ የተሰፋበትን አረንጓዴ ሲባጎ በጣታቸው ነኩት።
«የእኔ ነው» አሉ። ቆዩ።
«ቤትም ‹ያሳክከኛል› ስትል፣ ሳህኗን ስትገፋ፣
ጥጋብ መስሎኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንዲያውም በጥፊ…»
አልጨረሱም። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።
በነጋው ትንሽ ድስት ይዘው ከበር ቀረቡ።

ለዚያች ድስት የራሷ ጭልፋ፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር፤
እሷ ወጥታ ትከደናለች፣ ከዚያ ነው ምስር።
«ለአንድ ልጅ ብለን?» አለች አስካለ፣ እንጨቱን እየማገደች።
«ለአንድ ልጅ» አልኋት። «አምስት መቶውም እኮ
አንድ አንድ እያለ ነው የተወለደው።»
እኔ ስቀር የምትተካኝ እንዳትስት ፈርቼ
በከሰል ከግድግዳው ጻፍሁ፣ ፊደሉን አጉልቼ፦
ማስተዋልን አትርሱ።

ድስቱስ ቀላል ነበር። የከበደኝ ጉርሻ ነው።
ሐመልማል፣ የወንበር ጓደኛዋ፣ አሳምራ ጠቅልላ፣
እጇን ዘረጋችላት፣ «በሞቴ» ብላ።
ማስተዋል ፊቷን አዞረች።
«እጄን ተጸየፈችው!» ብላ ሐመልማል ስታለቅስ
ጉርሻ አይመለስም ያልናት እኛው፣ በምን አፌ ልመልስ?
«ስሚኝ» አልኋት፣ «ሌላውን ሰው አጉርሰሽ ውደጂው፤
እሷን ግን እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ ውደጃት።»
ይኸው ከቧንቧው ጋ እንደ ዘበኛ ትቆማለች፤
«አንተ! ምስር በልተሃል፣ ታጠብ!» ትላለች።

በሰኔ ከወረዳው አንድ ተቆጣጣሪ መጡ፤
ምስሩን ቀመሱ፣ ደገሙ፣ ጣታቸውን መጠጡ።
ከግድግዳው ላይ አንብበው፦ «ድንቅ መፈክር ነው!
ለሰውም ሆነ ለሥራ፣ ያለ ማስተዋል ምን አለው?
ማን አወጣው?» አሉ፣ ሊጽፉት ማስታወሻ ገልጠው።
«መፈክር አይደለም ጌታዬ። ልጅ ናት።
ያቻት፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ያረፈባት።»
ሳቁ። ራሷን ሊዳብሱ እጃቸውን ሲያቀርቡ
ከቧንቧው በኩል ቀጭን ድምፅ፦
«ጋሼ!
መጀመሪያ ይታጠቡ።»